የዮሐንስ ራእይ ለተራ አማኝ ውሎ ምን ብርታት ይሰጣል?

ጥያቄ
በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ የዮሐንስን ራእይ ደጋግሜ ጀምሬ፣ ከምዕራፍ 6 ጀምሮ ያለው የፈረሶቹ፣ የመለከቶቹና የአውሬዎቹ ነገር እያስፈራኝ አቋርጬዋለሁ። የምሰማቸው ትምህርቶችም አብዛኞቹ ስለ ዘመን ስሌትና ስለ 666 ናቸው። ጠዋት ተነሥቶ ወደ ሥራው ለሚሄድ፣ ልጆች ለሚያሳድግና ጸሎቱ ሰሚ ያጣ ለሚመስለው ሰው የሚሆን ቃል በውስጡ ይገኛልን? ካለስ ከየት ልጀምር?

መልስ 1
ከምዕራፍ 2 እና 3 ቢጀምሩ መልካም ነው። በእስያ ለነበሩት 7 አብያተ ክርስቲያናት ከተላኩት መልእክቶች መካከል ወቀሳ የሌለባቸው የሰምርኔስና የፊልድልፍያ ብቻ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዋ ድኻ፣ ሁለተኛዋም ኃይሏ ጥቂት እንደ ነበረች ጌታ ራሱ ይናገራል። ፊልድልፍያን ያላትን አጽንታ እንድትይዝ እንጂ ታላቅ ነገር እንድትሠራ አላዘዛትም (3፥11)። ለደከመው ሰው ከዚህ የቀለለ ትእዛዝ ከየት ይገኛል?

መልስ 2
ጸሎትን በተመለከተ ምዕራፍ 8ን ያንብቡ። ሰባተኛው ማኅተም ሲፈታ በሰማይ የግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥታ ይሆናል፤ ከዚያም መለከቶቹ ከመነፋታቸው በፊት፣ መልአኩ የወርቅ ጥና ይዞ በመሠዊያው አጠገብ ይቆምና የዕጣኑ ጢስ ከቅዱሳን ጸሎት ጋር በእግዚአብሔር ፊት ይወጣል። የታላላቆቹ ወይም የሰማዕታቱ ጸሎት ብቻ አይደለም፤ «የቅዱሳን ሁሉ» ይላልና፣ በድካም መካከል በሁለት ቃል የጸለይነውም በዚያ ጥና ውስጥ እንዳለ አምናለሁ።

መልስ 3
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አውሬዎቹን ዘልሎ ማጽናኛውን ብቻ መልቀም አይገባም ባይ ነኝ። ስለ ቅዱሳን ትዕግሥትና እምነት የተነገረው ቃል የሚገኘው ያው አስፈሪ በሆነው በምዕራፍ 13 ውስጥ ነው (13፥10)። ዮሐንስም ይህን የጻፈው በፍጥሞ ደሴት ሆኖ ነው፤ ራሱንም የአንባቢዎቹ ወንድምና የመከራቸው ተካፋይ ብሎ ይጠራል።
ፍርሃቱን በተመለከተ ደግሞ ዳንኤልን ይመልከቱ። የአውራውን በግና የአውራውን ፍየል ራእይ ካየ በኋላ ደክሞ ብዙ ቀን ታመመ፤ ራእዩንም አላስተዋለውም፤ ነገር ግን ተነሥቶ የንጉሡን ሥራ ይሠራ ጀመር (ዳንኤል 8፥27)። ትርጉሙ እስኪገለጥለት ድረስ ሥራውን አላቆመም፤ ይህች አጭር ቁጥር ከብዙ የዘመን ስሌት ይልቅ ለእርስዎ ጥያቄ የምትቀርብ ይመስለኛል።
ሲያነቡም ብቻዎን አይሁኑ። በ1፥3 ብፁዓን የተባሉት አንዱ አንባቢና ብዙ ሰሚዎች ናቸውና፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንዳችሁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ያልገባችሁን ምልክት ለጊዜው ተዉትና እስከ ምዕራፍ 22 ድረስ ዝለቁ።