ባለ ሦስት ብሎን ስትራቶካስተር፦ ሻጩ «የ73 ነው» ይላል

ባለባቲ፦
ሰላም ቤቶች። ቸርችል ጎዳና አካባቢ አንድ ያገለገለ ፌንደር ስትራቶካስተር የኤሌክትሪክ ጊታር ለሽያጭ ቀርቧል። ሻጩ የ1973 ነው ብሎ ዋጋውንም በዚያው ልክ ሰቅሎታል (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። ሄድስቶኩ (ክሮቹ የሚወጠሩበት የአንገቱ ጫፍ) ትልቁ ዓይነት ነው፣ አንገቱ ከጀርባ በሦስት ብሎን ታስሯል፣ የፒክአፕ (የክሮቹን ድምፅ የሚቀበለው ባለ ማግኔት ዕቃ) መቀያየሪያው አምስት ቦታ ይቆማል። የፋብሪካ መለያ ቁጥሩ ሄድስቶኩ ላይ ሲሆን በ«ኤስ8» ይጀምራል። ቀጭኗ ክር ላይኛዎቹ ፍሬቶች (ወደ ጊታሩ አካል የቀረቡት የአንገቱ የብረት ዘንጎች) ጋ ስትደርስ ከአንገቱ ጠርዝ ትወጣለች። ዘመኑ እውነት ነው? የክሯስ ነገር ይስተካከላል?

ሽቦና ማግኔት፦
የ73 አይደለም፣ ቁጥሩ ራሱ ያጋልጠዋል። ፌንደር እስከ 1976 ድረስ ቁጥሩን የሚመታው ከኋላ ባለው የአንገት ማሰሪያ ብረት ላይ ነበር፤ ወደ ሄድስቶክ የተሻገረው በዚያ ዓመት ነው። ኤስ ሰባዎቹን፣ 8 ደግሞ 1978ን ያመለክታል። አንድ ዓመት ወዲህ ወዲያ ቢል አይግረምህ።

መቀያየሪያውም ከዚያው ጋር ይሄዳል። ከ1954 ጀምሮ ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች መሀል ላይ እያቆሙ ሁለት ፒክአፕ ባንድ ጊዜ ያሰሙ ስለነበር ፋብሪካው በ1977 አምስት ቦታ አደረገው፤ ዘግይቶም ቢሆን። ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ በቀላሉ የሚቀየር ዕቃ ነው።

የፒክአፖቹን ማግኔቶች ከላይ እይ። በ73 ጊታር ላይ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ከ1974 መጨረሻ አካባቢ ወዲህ ግን እኩል ሆነዋል። ከዚያ ክሮቹን አላልተህ የፊት ሽፋኑን 11 ብሎኖች ፍታና የቮልዩሙን ፖት (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን ዕቃ) ጀርባ አንብብ። በ137 የሚጀምር ሰባት አሃዝ ካገኘህ የፖቱ ሠሪ ሲቲኤስ የተባለ ፋብሪካ ነው፤ ቀጣዮቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው። 1377823 ቢል ፖቱ የተሠራው በ1978፣ 23ኛው ሳምንት ላይ ነው። ጊታሩ ከዚያ በፊት አልተገጣጠመም ማለት እንጂ በዚያው ሳምንት ተገጣጠመ ማለት አይደለም። ብየዳው ተነክቶ ከሆነ ደግሞ ፖቱም ላይታመን ይችላል። ሻጩ አላስከፍትም ካለ በ73 ዋጋ አትነጋገር።

ከበሮ ሰፈር፦
ባለ ሦስት ብሎን አትግዛ ወንድሜ። አንገቱ ይንሸራተታል። ፋብሪካው ራሱ ወደ አራት የተመለሰው ለምን ይመስልሃል?

አምባሰል፦
ብሎኑን አትውቀሰው። ጥፋቱ የአንገቱ ማስገቢያ ጉድጓድ ነው፤ በሰባዎቹ ብዙ ጊዜ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈር ነበር። ጉድጓዱ ጥብቅ ከሆነ ሦስቱም ይበቃሉ፤ ከላላ አራትም ቢሆን አያድንም። ክሯን ከጠርዝ የሚያወጣት ይኼው ክፍተት ነው።

ጠያቂ፣ ክሮቹን አላላ፣ ሦስቱንም ብሎኖች ግማሽ ዙር ብቻ መልስ። አንገቱን ጫፉ ላይ ይዘህ ወደ ወፍራሟ ክር በኩል ሳብ፣ ሁለቱ ዳር ክሮች ከጠርዝ እኩል ሲርቁ እንደያዝክ አጥብቅ። ተመልሶ ከሄደ በጉድጓዱ ጎን ስስ የእንጨት ልጣጭ አስገባ። ሙሉ በሙሉ ከፈታህ ተጠንቀቅ፤ ሁለቱ የእንጨት ብሎን ናቸው፣ አንዱ ግን ብረት ውስጥ የሚገባ ነው፣ ቦታቸው እንዳይቀያየር።

የአንገቱን ዘንበል የምታስተካክለው ትንሿ ብሎን በማሰሪያው ብረት ቀዳዳ ትታያለች። በጣም ከፍ ካለች አንገቱ እንጨቱ ላይ መተኛቱ ቀርቶ በነጥብ ይደገፋል፣ ድምፁም ይሳሳል። ወደ ታች መልሳት፤ ዘንበል ካስፈለገ ሙሉ ስፋት ያለው ስስ እንጨት ከሥር ይሻላል።

የትረስ ሮዱ (የአንገቱን መታጠፍ የሚያስተካክለው የውስጥ ብረት) ማስተካከያ ሄድስቶኩ ላይ ጥይት የሚመስለው ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነህ በ8ኛው ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.25 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ፈልግ፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፍ። በበጋ ያስተካከልከውን ክረምት ሲገባ ድጋሚ እየው፤ እርጥበት ሲጨምር እንጨቱ ይንቀሳቀሳል። ቁልፉ 1/8 ኢንች ነው፤ ሱቅ የሚሰጡህ 3 ሚሊሜትር የገባ ይመስልና ጥርሱን ይበላዋል።