የአክስቴ ልጅ ማንትራ የተባለውን ስኪውን ሊሸጥልኝ ነው፤ ለእኔ ይሆናል?

የቆጬዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት፤ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ማስተርሴን የሠራሁት ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ነበር፤ በስኪ በረዶ ላይ መንሸራተትም የለመድኩት እዚያው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ለፒኤችዲ ስለምመለስ በየጊዜው ኪራይ ከምከፍል የራሴን ልገዛ ወስኛለሁ። ሁለት ጥንድ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ስለዚህ ለሁሉም ዓይነት በረዶ የሚሆነውን፣ ኦል ማውንቴን የሚሉትን ነው የምፈልገው።

እዚያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፤ ክብደቱ ሰማንያ ኪሎ ያልፋል፣ እዚያው አቅራቢያ ባለው የስኪ ቦታ አክሳመር ሊሱም ላይ ጥቁሩንም (በጣም ከባዱን) መስመር፣ ከመስመር ውጪውንም እንደልቡ ይወርደዋል። አዲስ ስለገዛ የቀድሞውን ፎልክል ማንትራ በቤተሰብ ዋጋ ውሰጂው ይለኛል። ርዝመቱ 177 ሴንቲ ሜትር፣ ወገቡ (መሐሉ ላይ ያለው ስፋት) 96 ሚሊ ሜትር ነው። «ጥሩ ስኪ ነው፣ እያደግሽ ትደርሺበታለሽ» አለኝ።

እኔ ቁመቴ 165፣ ክብደቴ 58 ኪሎ ነው። ቀዩን (መካከለኛውን) መስመር ስኪዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ በደንብ እወርዳለሁ። ጥቁሩ ላይ ግን በረዶው ሌሊት ጠጥሮ ሲያድር ጠርዙ አልይዝ ይለኛል። ከሰዓት ደግሞ በረዶው ተቆራርጦ እዚህም እዚያም ሲከመር ጭኔ ይዝላል። አብዛኛውን ጊዜ የምሄደው ስቱባይ ነው።

ለእሱ ግሩም የሆነ ስኪ ለእኔም ግሩም ይሆናል? ካልሆነስ በምን ልመዝነው? ያነበብኩት ግምገማ ሁሉ ሁሉንም ያመሰግናል።

ጅሬን_አናጢ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለፒኤችዲው እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ አሁን ጅማ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ኮሎራዶ ውስጥ በአንድ የስኪ አከራይ ወርክሾፕ ለዓመታት ጠርዝ ስሞርድና ሰም ስቀባ ነው የኖርኩት።

ማንትራውን አትግዢው። ስኪው በጣም ጥሩ ነው፤ ለዘመድሽ ክብደትና ፍጥነት የተሠራ ያህል ነው። ውስጡ እንጨት ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ ቲታናል የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ሉህ ተደርጎበታል። ያ ብረት ንዝረቱን ስለሚውጠው በፍጥነት ሲወረድ ስኪው አይርገበገብም። ችግሩ፣ ስኪ አቅጣጫውን በትክክል የሚቀይረው ሲጎብጥ ነው። ጠርዙ ላይ ታዘነብዪዋለሽ፣ በክብደትሽ ትጫኚዋለሽ፣ ይጎብጥና ቅስቱን ራሱ ይቆርጣል። 58 ኪሎ ሆነሽ በመካከለኛ ፍጥነት 177 ሴንቲ ሜትር ማንትራ ብትጫኚ በቂ አይጎብጥልሽም። ያኔ ስኪው ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል አንቺ በጉልበት ታጣምሚዋለሽ። ጭንሽ ይዝላል ያልሽው ነገር ይብሳል እንጂ አይሻልም። «ትደርሺበታለሽ» ተብለው የጠነከረ ስኪ የወሰዱ ሰዎች ሲፈሩ ወደ ኋላ መደገፍ ይጀምራሉ፤ ያ ልማድ አንዴ ከያዘ ለማስለቀቅ ብዙ ይፈጃል። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

ወደ ወገቡ ስመጣ፣ ሰፊ ወገብ ለስላሳ በረዶ ላይ ያንሳፍፋል። በጠጠረ በረዶ ላይ ግን ጠርዙ ከእግርሽ መሐል እየራቀ ስለሚሄድ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መዞሩ ይዘገያል፣ ጉልበትም ላይ ጫና ይበዛል። ስቱባይ ግግር በረዶ ነው፣ ጫፉ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋት ጠዋት እንደምታውቂው ይጠጥራል። ለአንቺ ከ82 እስከ 88 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ርዝመቱ ከ158 እስከ 165 ባለው ውስጥ ቢሆን፣ ማለትም ከግንባርሽ እስከ አናትሽ ባለው ቢደርስ ጥሩ ነው። የመታጠፊያ ሬዲየሱ (የሚቆርጠው ቅስት ስፋት) 14 ወይም 15 ሜትር አካባቢ ይሁን።

አሁን ሱቅ ገብተሽ በእጅሽ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ሁለቱን ስኪ ሆድ ለሆድ ግጠሚያቸው። ከእግር በታች ባለው ቦታ መሐላቸው ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ እሱ ካምበር ነው፣ በጠጠረ በረዶ ላይ ጠርዙን የሚያስይዝልሽ። ከፊት ጫፎቹ ቀደም ብለው ከተለያዩ ሮከር አለው፤ መታጠፍ ስትጀምሪ ያቀልልሻል። ከዚያ አንዱን አቁሚው፣ ጅራቱን መሬት ላይ አስደግፊ፣ በአንድ እጅሽ አፍንጫውን (የፊት ጫፉን) ያዢ፣ በሌላው መዳፍሽ ወገቡን ግፊው። ወገቡ ጠንከር ብሎ አፍንጫው ለስለስ እያለ ወጥ ሆኖ መጉበጥ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ተሰብሮ የሚታጠፍ ከመሰለሽ ተዪው። እንጨቱ ረጃጅምና ቀጫጭን ሆኖ ጎን ለጎን የተጣበቀ ነው። ፖፕላርም፣ ቢችም፣ ፓውሎኒያም ይጠቀማሉ፤ ዋንዛና ባሕር ዛፍ እኩል ውፍረት ተልገው እኩል እንደማይጎብጡ ሁሉ እነዚህም ይለያያሉ። በቁመቱ ብቻ መምረጥ ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ዋናው መመዘኛ ግን በረዶው ላይ ነው። ብዙ ሱቆች የሙከራ ስኪ ያከራያሉ፣ በአንድ ቀን ውስጥም ይቀይሩልሻል። በደንብ የምታውቂውን አንድ መስመር ምረጪ፣ ሁሉንም እሱ ላይ ሞክሪ። በዝግታ አጫጭር እጥፋት ሥሪ፤ ስኪው ሳትታገዪው ይጀምርልሻል? ከዚያ ጠንካራው በረዶ ላይ ውሰጂውና ይይዝ እንደሆነ እዪ። ከሰዓት ደግሞ ደክሞሽ እያለ የተቆራረጠው በረዶ ላይ ሞክሪው፤ ለእኔ ትልቁ ፈተና እሱ ነው። ዘመድሽ ቢሆን የሚፈትነው ሌላ ነገር ነው፤ ሲፈጥን አፍንጫው መርገብገቡን፣ በሙሉ ኃይሉ ሲጫነው ጅራቱ ማምለጡን ነው የሚያየው። ለዚህ ነው የእሱ ግምገማ ላንቺ የማይሠራው።

ስትሞክሪ ጠርዙ የተሞረደ መሆኑን በቅድሚያ ጠይቂ፤ አንድ ዲግሪ ከሥር፣ ሁለት ዲግሪ ከጎን የተለመደ ነው። ጠርዙ ደንዝዞ ጥሩው ስኪ የሚታማበት ጊዜ ብዙ ነው።

በስም ካልሽኝ፣ ብሊዛርድ ብላክ ፐርል 88 የሴቶች ነው፤ ፋብሪካውም እዚያው ኦስትሪያ ሚተርዚል ነው። ኢላን ሪፕስቲክ 88 ቀላል ነው፤ ግራና ቀኙም የተለያየ ነው፣ እንዳታቀያይሪው። ሮሲኞል ኤክስፒሪየንስ 82ንም ጨምሪበት። ስማቸው ሳይቀየር በየጥቂት ዓመቱ አሠራራቸው ስለሚለወጥ የስንት ዓመት ሞዴል እንደሆነ ጠይቂ።

ሰላም_ካልጋሪ፦

በአብዛኛው ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፤ በወገቡ ግን ትንሽ ልከራከር። ክብደቴ ካንቺ ብዙም አይበልጥም፣ የምወርደው ባለ 94 ነው፣ ተመችቶኛል። እኔ የምሄድበት የካናዳው ሰንሻይን በረዶው ደረቅና ለስላሳ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። አዲስ በረዶ ሲጥል ከመስመር ወጥቼ ዛፎቹ መሐል እገባለሁ የምትይ ከሆነ 88 ላይ አትወሰኚ።

ይልቅ ጫማ አለሽ? ከሌለሽ ገንዘቡን መጀመሪያ እሱ ላይ አውይው። ውስጡን አውጥተሽ እግርሽን ባዶ ቅርፊቱ ውስጥ ክተቺ፤ ጣቶችሽ ፊት ለፊት ሲነኩ ከተረከዝሽ ኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍት ቦታ መኖር አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰፍቶሻል። ሰፊ ጫማ ይዘሽ የትኛውንም ስኪ ብትሞክሪ እግርሽ ውስጡ እየተንሸራተተ ነው የምትፈርጂው።

ያገለገለ ከገዛሽ ደግሞ ጫማውን ስኪው ላይ የሚይዘውን ማሰሪያ ሳታስተካክዪ አንድ ሜትር እንዳትወርጂ። የሚለቅበት ኃይል በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በአወራረድሽ ነው የሚሰላው። ለሰማንያ ኪሎ ሰው የተስተካከለ ማሰሪያ አንቺ ስትወድቂ ሳይለቅ ጉልበትሽን ይጠመዝዘዋል። ሱቅ ወስደሽ በመሣሪያ ይለኩልሽ።

ቦዬ_ልጅ፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት ዓይነት ቀጭን ስኪ አይሆናትም? እሱ ቀለል ያለ ይመስላል።

ጅሬን_አናጢ፦

አይሆናትም ወንድሜ። ሮቤል በ2006ም፣ በ2010 ቫንኩቨርም የተወዳደረው ክሮስ ካንትሪ ነው። ተረከዙ አይታሰርም፤ ለመግፋትና ለመሮጥ የተሠራ ነው። እሷ የምትወርደው ቁልቁለት ነው፣ የብረት ጠርዝና ተረከዝ የሚይዝ ማሰሪያ የግድ ነው።

ሰላም፣ ስለ ጫማው ያልሽው ትክክል ነው፣ ከእኔ መልስ መቅደም ነበረበት። በወገቡም ቢሆን ለካናዳው በረዶ አልከራከርሽም፤ የእኔ ምክር ለስቱባይ ነው።

የቆጬዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጫማ እስካሁን በኪራይ ነበር፤ እንግዲህ እሱን አስቀድማለሁ፣ ስኪውን ኅዳር ላይ ሞክሬ እገዛለሁ። ለአክስቴ ልጅም እንዳይቀየመኝ የጋሼን መልስ አነብለታለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለክረምት እረፍት ጅማ ስመጣ ይዤው ብመጣ ይበላሻል?

ጅሬን_አናጢ፦

እዚያው ብትተዪው ይሻላል፤ የጅማ ሐምሌና ነሐሴ ለብረት ጠርዝ ጥሩ አይደለም። ካመጣሽው ግን በደረቅ ጨርቅ በደንብ አድርቂው፣ ሆዱን ሰም በወፍራሙ ቀቢና ሳትፍቂ ተዪው፣ ሰሙ ጠርዙንም ይሸፍን። ቦርሳው ውስጥ ዘግተሽ አታስቀምጪው፣ ወለል ላይም አታስተኚው፤ አየር በሚያገኝበት ክፍል አቁሚው። ማሰሪያውን በቤንዚንም በናፍጣም እንዳታጥቢ፣ ውስጡ ያለው ግሪስ ይወጣል። ስትመጪ ሱቄ ብታመጪው ጠርዙን በነፃ እሞርድልሻለሁ፤ ሞረዶቼ አሁንም አሉ።