ለእናቴ ቤት ድሬዳዋ ስፕሊት ኤሲ ላስገጥም ነው፤ ከምን ልጀምር?

ከኦታዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የምትኖረው ሳቢያን ነው። ቤቱ ብሎኬት ሆኖ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን አለው። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። ቬንቲሌተሩም ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ያራግብላታል። ደም ግፊት ስላለባት ዘንድሮ ሙቀቱ ሳይገባ ኤሲ ላስገባላት ቆርጫለሁ። ወንድሜ «ባለ 24 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ ነው) ገዝተን ሳሎን ላይ እንስቀል፣ ቤቱን ሁሉ ያቀዘቅዘዋል» ይላል። እኔ ደግሞ እዚህ አፓርታማዬ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በብርዱ ወራት የሚያሞቅ፣ በሙቀቱ የሚያቀዘቅዝ ማሽን አለኝ፤ እሱን የመሰለ ገዝቼ ብልክላትስ? የአየር ቱቦ የሌለው ቤት ላይስ ይሆናል? የምታውቁ ምከሩኝ።

ከድሬዳዋ፦

እህቴ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ሜሪላንድ እያለሁም የምሠራው ይህንኑ ነበር፤ አሁን አገሬ ገብቼ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ሆኜ እሠራዋለሁ። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ማሽኑ መጀመሪያውኑ የተሠራው ቱቦ ለሌለው ቤት ነው። እናንተ ጋ ብዙው ቤት አየሩን ከአንድ ማዕከል በጣሪያና በወለል ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ ያሰራጫል። ስፕሊት ግን ውስጠኛው አካል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ውጪኛው ደጅ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ሁለት የመዳብ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የውሃ መውረጃ ጎማ ብቻ ያልፋል። ግድግዳሽ ላይ የሚበሳው 7 ወይም 8 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ ነው። ማሽኑ ቅዝቃዜ አይሠራም፤ የቤቱን ሙቀት በመዳብ ቧንቧዎቹ ውስጥ በሚዞረው ጋዝ ተሸክሞ ደጅ ያራግፋል። የኦታዋው ማሽንሽ በብርዱ ጊዜ ይህንኑ ገልብጦ፣ ከደጁ አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ሙቀት ማመላለስ እንጂ መፍጠር ስላልሆነ ነው 1 ኪሎዋት መብራት በልቶ 3 ኪሎዋት ያህል ሙቀት የሚያንቀሳቅሰው።

ከዚያ አትላኪ። የሰሜን አሜሪካው ዕቃ የሚሠራው በ60 ኸርዝ ነው፣ ትንንሾቹ ደግሞ በ115 ቮልት የሚሠሩ አሉባቸው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ቢቃጠል መለዋወጫ የምታገኚለት የለም፣ ዋስትናውም ውቅያኖስ አይሻገርም። እዚሁ ይገዛ። ሲገዛ ወንድምሽ ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብብ፦ 220-240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ኢንቨርተር (ጉልበቱን እንደ ክፍሉ ሙቀት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ)፣ ጋዙ አር-32 ወይም አር-410ኤ። አር-22 ከሆነ ይተወው፤ ኦዞንን የሚጎዳ ስለሆነ ዓለም እያስወጣው ያለ አሮጌ ጋዝ ነው።

በ24 ሺሁ ነገር ከወንድምሽ ጋር አልስማማም። ሳሎን ላይ የተሰቀለ ኤሲ የቱንም ያህል ቢተልቅ ቀዝቃዛው አየር በኮሪደር ታጥፎ፣ በር አልፎ መኝታ ቤት አይደርስም። ሳሎኑ በረዶ ይሆናል፣ እናትሽ ያው በላብ ተጠምቀው ያድራሉ። የሚቸገሩት ሌሊት ከሆነ መኝታ ቤታቸው ላይ ባለ 9 ሺህ፣ ክፍሉ ሰፊ ከሆነ ወይም የምዕራብ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ባለ 12 ሺህ ይበቃል። ባለ 12 ሺሁ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም 1 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፣ ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ኢንቨርተሩ ዝቅ ያደርገዋል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው የሚስበው። ባለ 24 ሺሁን ከምጣድ ጋር በአንድ አሮጌ መስመር ላይ አብረው ካበሩት ብሬከሩ ሲወድቅ፣ ገመዱ ሲግል ይውላል። የተረፈውን ብር ለጣሪያውና ለገጠማው አውይው።

ጣሪያውን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ያንን ሙቀት ኮርኒሱ እስከ እኩለ ሌሊት ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚከላከል ፎም ይነጠፍ፣ ከጣሪያው ሁለት ጫፍ ወንፊት ያለው የአየር መውጫ ይከፈት፣ የምዕራቡ መስኮት ከውጭ በኩል ጥላ ይደረግለት። መጋረጃ ከውስጥ ቢሰቀል ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ ነው። አንዳንዱ ቤት ይህ ብቻ ተሠርቶለት ኤሲው በግማሽ ጉልበቱ ሲበቃው አይቻለሁ።

ውጪኛው የት ይቀመጥ? ሜሪላንድ ሳለሁ የሰሜን ግድግዳ ጥላ ስለሆነ እዚያ አድርጉት ይባል ነበር። ድሬ ላይ ይህ አይሠራም። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በሙቀቱ ወራት ጥላ የሚሆነው የደቡቡ ግድግዳ ነው። ምዕራቡን ፈጽሞ ራቁት። ከግቢው አጥር ጋር አጣብቀውም እንዳያስቀምጡት፤ የሚተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ከሳበው ይደክማል።

አሁን ዋናው ነገር። እዚህ ከተማ በየዓመቱ «ጋዝ አለቀ» እየተባለ ብር የሚከፈልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ጋዝ አያልቅም። እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚጠፋ አይደለም፣ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ሲዞር የሚኖር ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከገጠማው ቀን የመጣ ነው። የቧንቧው አፍ ሲሰፋ ጠርዙ ካልተላገ፣ ትንሽ ብናኝ ከቀረ፣ ወይም ብሎኑ በመለኪያ ቁልፍ ሳይሆን በጉልበት ከጠበቀ ያፈሳል።

ሁለተኛው ጥፋት ቫኩም መዝለል፣ ማለትም ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ሳይስቡ ማለፍ ነው። ባለሙያው ቧንቧውን አስሮ ሲጨርስ የውጪኛውን ቫልቭ ቀነስ አድርጎ ከፍቶ «ሽሽሽ» እያሰኘ አየሩን በጋዙ ሊያስወጣ ሲል ካያችሁት አስቁሙት። አየርና እርጥበት ውስጥ ይቀራል፣ እርጥበቱ ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራል፣ ማሽኑ ቀስ ብሎ ከውስጥ ይበላል። ትክክለኛው አሠራር ቫኩም ፓምፕ ተገናኝቶ መለኪያው ከ500 ማይክሮን (ውስጥ የቀረው ግፊት መለኪያ ነው) በታች እስኪወርድ መሳብ፣ ከዚያ ፓምፑን ዘግቶ ቁጥሩ ወደ ላይ አለመመለሱን ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ከተመለሰ ያፈሳል፣ ወይም ገና እርጥበት አለው። ጋዙ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው። ወንድምሽ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት «ቫኩም ፓምፕ ይዘህ ትመጣለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ሰውየው «አያስፈልግም» ካለ አመስግኖ ይሸኘው።

የግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ፣ የውሃው ጎማም መሀል ላይ ሳይታጠፍ ወደ ታች ብቻ ይውረድ። ይህ ካልተደረገ ውሃው በአልጋው ራስጌ በኩል ቀለሙን እያላጠ ይወርዳል። ለመብራቱ ከብሬከር ሣጥኑ ቀጥታ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ ግራውንድ ይኑረው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል፣ ኤሲውን ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚያበራ መከላከያ ይግዙለት። የድሬ አቧራ ከባድ ስለሆነ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው በውሃ ይጠቡት፤ ይህን የቤት ልጅም ትችለዋለች።

ከስቶክሆልም፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። የእኔ ቤት ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው፣ የአያቶቼ። ለእንግዳ ላከራየው አስቤ ለሁለት ክፍል ስፕሊት ላስገጥም ነበር። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?

ከድሬዳዋ፦

እኔ ብሆን አላስገጥምም። ሐረር ከድሬ 50 ኪሎሜትር ያህል ብትርቅ ነው፣ ነገር ግን ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ማታ ማታ ጋቢ ታስለብሳለች። የጥንቱ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ወፍራም የድንጋይ ነው፣ ቀን የመጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ ሳያስገባ ያውላል። ጊድር ጋሩ (ዋናው ክፍል) ውስጥ ነደባው (ከፍ ያለው መደብ) ላይ በቀትር ተቀምጠህ ታውቀዋለህ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ያንን ግድግዳ መብሳት፣ መተላለፊያው ላይ ማሽን መስቀል ያሳዝናል፣ የቅርስ ጥበቃ ቢሮውን ሳትጠይቅም መነካት የለበትም። እንግዳህ የሚፈልገው ንጹሕ ብርድ ልብስና ሙቅ ሻወር ነው። ከጀጎል ውጭ አዲስ የብሎኬት ቤት ቢኖርህና ግድ ብትል፣ የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ዓይነት ምረጥ፤ ቆላ ላይ የሚሸጠው ብዙው የሚያቀዘቅዝ ብቻ ነው፣ አንተ ጋ ግን የሚፈለገው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ማሞቂያው ነው።

ከኦታዋ፦

ተባረክ ወንድሜ። ወንድሜን አሳምኜዋለሁ፣ መኝታ ቤቱ ላይ ይሁን ብሏል። ከመግዛታችን በፊት ምን ይላክልህ?

ከድሬዳዋ፦

የብሬከር ሣጥኑን ክዳኑ ተከፍቶ፣ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ከውስጥም ከደጅም፣ ኮርኒሱንና መስኮቱን ፎቶ አንስቶ ይላክ። ርዝመትና ስፋቱን በሜትር፣ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይም ይጻፍበት። ምጣዱ የት እንደሚሰካ ደግሞ እንዳይረሳ፤ መስመሩን የምወስነው በእሱ ነው።