የአፍሪካ የቼዝ ሻምፒዮና ታሪክ መጽሔት፦ የጋራ ፕሮፖዛል ውይይት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ዓርብ ይገባል። ካዝናችን ውስጥ ያለው 40 ሺህ ብር ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው፣ እንደ አምናው በትነነው እንዳንቀር። ሀሳቤ የአፍሪካ የግል ሻምፒዮናን ታሪክ በአማርኛ ማሳተም ነው። ካይሮ ላይ የተካሄደው 1998 (እኤአ)፣ ከዛ አሸናፊዎቹ፦ ሞሮኳዊው ሃምዱሺ 2001፣ ግብፃዊው ኤል ጊንዲ አቡጃ 2003፣ የዚምባብዌው ግዋዜ ዊንድሆክ (ናሚቢያ) 2007። ልጆቻችን ካርልሰንን እንጂ ግዋዜን አያውቁትም እኮ

ጥቁር ፈረስ፦ ግዋዜ በ2002 ብሌድ ኦሎምፒያድ አንደኛ ቦርድ ላይ 9 ጨዋታ ተጫውቶ 9ኙንም ያሸነፈ ሰው ነው! ኬኒ ሰለሞንም በ2014 እዛው ዊንድሆክ አሸንፎ በዛው ድል ግራንድማስተር (የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ) ሆነ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው። ያኔ ሻምፒዮኑ ማዕረጉን በቀጥታ ያገኝ እንደነበር ስንቱ ያውቃል? የሰሜን አፍሪካዎቹን ከፈረንሳይኛ እኔ እተረጉማለሁ

ጋሼ፦ ርዕሱ ላይ "ቼዝ" የሚለው አይዋጥልኝም። ሰንጠረዥ የሚባል የራሳችን ቃል እያለ?

ወታደር2፦ ጋሼ ሰንጠረዥ እኮ ሌላ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ወረራ አለው፣ አንዱ ሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፣ ፈርዙም (በንግሥት ቦታ ያለው ጠጠር) አንድ ቤት በሰያፍ እንጂ እንደ ንግሥት አይበርም። ግዋዜ ሰንጠረዥ ተጫወተ ልንል ነው?

ጋሼ፦ አባቴ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር መስመር ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያደግኩት፣ ስለ ወረራ አንተ አታስተምረኝም

ወታደር2፦ ማን ላስተምር አለ? መዋጮ እኔም ከፍያለሁ፣ በስም ጉዳይ 3 ቀን አለቀ

ገንዘብ ያዥ፦ ረጋ በሉ። ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ሳይጨምር እንወስን

ግንብ፦ እኔ ጋሼን እደግፋለሁ። የሌሎቹን ድል ብቻ ከደረደርን የኛ የታለ?

ጸሐፊ፦ የኛማ የሌለበት ምክንያት ራሱ መጻፍ አለበት ነው የምለው!! ግብፃዊው ባሰም አሚን በቼዝ ደረጃ ነጥብ 2700 ያለፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው፣ እንዴት እዛ እንደደረሰ ማንበብ የለብንም?

ወታደር2፦ ጋሼ ይቅርታ፣ አነጋገሬ ልክ አልነበረም። "ከሰንጠረዥ እስከ ሻምፒዮና" ቢባልስ?

ጋሼ፦ እሱ ይሻላል ልጄ። ግን እንደዛ ከሆነ ስለ ሰንጠረዥ ግማሹን ገጽ ይውሰድ

ግንብ፦ በምረቃው ቀን ወረራውን በጨርቅ ብናሳይስ፣ ሰው ያንን ነው የሚወደው

ገንዘብ ያዥ፦ ጨርቅና ጠጠር ማሠራት ከዚሁ ብር ከሆነ ማተሚያው ላይ ገጽ ይቀነሳል

ጸሐፊ፦ @ጥቁር ፈረስ ትርጉሙ የት ደረሰ? ከማክሰኞ ጀምሮ መልስ የለም

ጸሐፊ፦ የዊንድሆክን ገጽ ማን ይጽፋል? የግዋዜም የሰለሞንም ድል እዛ ነው፣ እሱ ከቀረ ምን ይቀራል

ግንብ፦ ጋሼ፣ ጨርቁ ስንት በስንት ነበር?