ከኳስ የሚሸሽ የክሪኬት መቺን እንዴት ልመልሰው?

ጥያቄ፤ የስፖርት መምህር፣ ደብረ ብርሃን

በደብረ ብርሃን ከተማ የስፖርት መምህር ነኝ። አብረውን ያስተምሩ የነበሩ አንድ ህንዳዊ መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሁለት ባት (የመምቻ እንጨት)፣ ስድስት የዊኬት እንጨት (ዊኬት ከመቺው ኋላ የሚተከለው፣ ወርዋሪው ሊመታው የሚሞክረው ሦስት እንጨት ነው)፣ አንድ ጥንድ የእግር መከላከያና አራት ቀያይ የቆዳ ኳሶች ትተውልኝ ስለሄዱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራት ተማሪዎች ሰብስቤ ክሪኬት ማሠልጠን ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጨዋታውን የተማርኩት ከእሳቸውና ከቪዲዮ ነው፤ ሕጉን ባውቅም የማሠልጠን ሙያው ብዙ እንደሚቀረኝ አልክድም።

የቸገረኝ የአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጉዳይ ነው። ዓይኑ ፈጣን፣ እጁ ቀልጣፋ፣ ከሁሉም በላይ ተስፋ የጣልኩበት መቺ ነበር። ባለፈው ኅዳር፣ ሜዳው ላይ ያደረው ውርጭ ገና ሳይሟሟ በጀመርነው ልምምድ፣ ኳሱ የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ከባቱ እጀታ ጋር አጋጭቶ መታው። ጣቱ አልተሰበረም፤ እብጠቱም በሳምንቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ግን ወርዋሪው ኳሱን ሊለቅ ሲል የልጁ የኋላ እግር ከጀርባው ወዳለው ጎን ያፈገፍጋል፤ ዊኬቱን ሜዳ ላይ ገልጦ ትቶ ባቱን ከሩቅ ይሰድዳል። «አይዞህ፣ አትፍራ» ብለው ባሰበት። አንድ ቀን በጓደኞቹ ፊት ተቆጣሁት፤ በዚህም እጸጸታለሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የመጡትን ሁለት ቅዳሜዎች በግ እጠብቃለሁ ብሎ ቀረ።

ልምድ ያላችሁ ሰዎች ከየት እንድጀምር ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፤ የአንኮበር ተወላጅ፣ ከሻርጃ

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። እኔ የመኪና ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ በዕረፍት ቀን ከፓኪስታናውያን የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ክሪኬት ስጫወት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ለእኔም ጥርሴን የነቀለ ኳስ ስለነበረ የልጁ ነገር ይገባኛል።

በመጀመሪያ ቀዩን ኳስ ቆልፈው ያስቀምጡት። የአዋቂ ኳስ ክብደቱ ከ156 እስከ 163 ግራም ነው፤ ያለ ራስ ቁርና ያለ ጓንት ለልጅ አይወረወርም፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉት እንኳ ሕጉ ቀለል ያለ ኳስ ነው የሚያዝዘው። ፓኪስታናውያን ሠፈር ለሠፈር ያደጉት በቴኒስ ኳስ ላይ የኤሌክትሪክ ናስትሮ አጥብቀው ጠቅልለው ነው፤ ባዶው የቴኒስ ኳስ ወደ 58 ግራም ብቻ ስለሆነ ቢመታም አያቆስልም፣ ናስትሮው ደግሞ ፍጥነትና ክብደት ይጨምርለታል። ስለዚህ ልጁን በባዶው ቴኒስ ኳስ ይጀምሩለት፤ እርስዎ ራስዎ ስምንት ሜትር ያህል ርቀው በእጅዎ ከታች ወደ ላይ፣ እግሩ አጠገብ አንድ ጊዜ እንዲነጥር አድርገው ይጣሉለት። እሱም ምት አይፈልግ፤ ባቱን ቀጥ አድርጎ ኳሱን ከዓይኑ ሥር እንዲያቆም ብቻ ይጠይቁት። ሃያ ተከታታይ ኳስ ሳያፈገፍግ ሲያቆም ርቀቱን ይጨምሩ፤ ከዚያ ናስትሮ የተጠቀለለውን ያምጡ፤ ከዚያ ከእኩዮቹ ቀርፋፋው ወርዋሪ ይወርውርለት። ከደረጃዎቹ በአንዱ ላይ እግሩ እንደገና ከሸሸ፣ አንድ ደረጃ መመለስ እንጂ መገሠጽ አያስፈልግም።

እግሩን በተመለከተ እኔን የጠቀመኝ ይህ ነው፦ ከኋላ እግሬ ተረከዝ ጀርባ ገመድ ይዘረጉልኝ ነበር። ገመዱን ስረግጥ አውቀዋለሁ፤ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልግም። ልጅ ስሕተቱን ከአሠልጣኙ አፍ ሲሰማውና በእግሩ ሥር ሲያገኘው አንድ አይደለም።

ሌላው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ በአየር ላይ ፍጥነቱን እንደ ቆላው አያጣም። በዚያ ላይ በኅዳር ጠዋት የደነዘዘ ጣት ባትን አጥብቆ ስለሚይዝ ምቱ ሁሉ ወደ አጥንት ይገባል። ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ ባት ባያስይዟቸው ይሻላል፤ እስከዚያ ይሩጡ፣ ኳስ ይቀባበሉ።

መልስ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ መሐል ሜዳ

ስለ ክሪኬት ብዙ አላውቅም፤ ስለ ገና ጨዋታ ግን የመንዝ ልጅ ሊጠየቅ ይችላል። መምህሩ የላኩትን ጥያቄ የልጅ ልጄ ካነበበልኝ በኋላ ጥቂት ቪዲዮ አሳየኝና አንድ ነገር አስተዋልኩ። የእኛ ልጆች ዱላ የሚይዙት ለሩር ነው። ሩር መሬት ለመሬት ስለምትሮጥ፣ የገና ተጫዋች ታችኛውን እጁን አጥብቆ ዱላውን በአግድም እንደ ማጭድ ያወናጭፈዋል። ክሪኬት ላይ ግን ኳሱ ነጥሮ ወደ ሆድና ወደ ደረት ይመጣል፤ በአግድም የሚያጭድ መቺ ኳሱን የሚያገኘው በአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው፣ ያቺ ካመለጠችው ደግሞ ፊት ለፊት የሚጠብቀው የራሱ እጅ ነው። ልጁ የተመታው አመልካች ጣቱ ላይ መሆኑ ራሱ ታችኛውን እጅ ከመጠን በላይ ማጥበቁን ሳይነግረን አይቀርም።

ስለዚህ ባቱን ፊቱን ወደ መሬት፣ እጀታውን ወደ ልጁ አድርገው ያስተኙትና «መጥረቢያ እንደምታነሣ አንሣው» ይበሉት። እንጨት የፈለጠ ልጅ ወዲያው ይገባዋል፤ እጁ በራሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል። ከዚያ ላይኛው እጅ ይምራ፣ ታችኛው በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ብቻ ይደግፍ። ይህን ያስረዳኝ የልጅ ልጄ ነው፤ የመጥረቢያው ምሳሌም ከሚማርበት ቪዲዮ የመጣ ነው እንጂ የኔ ፈጠራ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ባት የሚሠራው ከአኻያ ዘመድ ከሆነ እንጨት መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እስራኤላውያን በባቢሎን ወንዞች ዳር በገናቸውን የሰቀሉበት ዛፍ በእኛ መጽሐፍ «አኻያ» ተብሎ ነው የተጻፈው፤ በወንዛችን ዳርም ይበቅላል። ሁለት ባት ለአሥራ አራት ልጅ አይበቃምና ለልምምድ አናጢ ቢያስጠርቡ፣ ወርዱ ከ10.8 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ብቻ ይጠንቀቁ።

መልስ፤ የመረብ ኳስ ተጫዋች፣ ሸዋሮቢት

በትሕትና አንድ ነገር ልቃወም። ልጁ ለጊዜው ከመምታት ወጥቶ መወርወር ቢማር አይሻልም? እኛ ቡድን ውስጥ ሰርቪስ መቀበል የፈራች ልጅ መረብ ላይ ቆማ ነው ድፍረቷን ያገኘችው።

መልስ፤ የአንኮበር ተወላጅ፣ ከሻርጃ

መወርወሩን እደግፋለሁ፤ ከመምታት መውጣቱን ግን አልደግፍም፤ የወጣ እንደሆነ መመለሱ ይከብደዋል። በነገራችን ላይ ሲወረውር ክንዱን አጥፎ እየዘረጋ እንዳይጥል ከአሁኑ ይከታተሉት።

ደግሞም ለልጁ የብራድማንን ነገር ይንገሩት። አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን በልጅነቱ ቦውራል በምትባል ከተማ፣ የጎልፍ ኳስ ከውኃ ማጠራቀሚያ ጋን መሠረት ጋር እያላተመ፣ የምትመለሰውን ኳስ በዊኬት እንጨት ይመታ ነበር። እንጨቱ ቀጭን፣ ኳሷም ትንሽ፣ አመላለሷም የማይታወቅ። በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመጨረሻው የቴስት (የአገሮች የብዙ ቀን ግጥሚያ) የመምቻ ተራው ለንደን ላይ ሲገባ፣ በአንድ መውጣት የሚያስቆጥረውን አማካይ ነጥብ መቶ ለማድረስ አራት ነጥብ ብቻ ይበቃው ነበር፤ በሁለተኛው ኳስ በዜሮ ወጣ፤ አማካዩም በ99.94 ቀረ። እስከ ዛሬ ያንን የሚያክል መቺ የለም። ታዲያ ለልጁ ሲነግሩት ዜሮውን አይዝለሉት፤ የእኛ ልጆች የሚነገራቸው ስለ አሸናፊነቱ ብቻ ነው።

ጠያቂው ከአምስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እናቱ ፊት መሆኑ ይበልጥ ሳይጠቅም አልቀረም። ልምምዱን ወደ 3 ሰዓት ተኩል አዛወርኩ። የበግ ማሰሪያ ገመድ ይዞ የመጣው ራሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሃያ ኳስ አሥራ አንዱ ላይ ገመዱን ረገጠ፤ ባለፈው ቅዳሜ ናስትሮ በተጠቀለለው ኳስ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ረግጦ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እግሩ አይቶ ሣቀ። አጨዳው ግን ገና አልለቀቀውም፤ ሲደክም እጁ ወደ ገና ይመለሳል፤ ስለዚህ የመምቻ ጊዜውን ከአሥር ደቂቃ አላስበልጥም።

ቀዩ ኳስ እስካሁን ተቆልፎበታል። የሻርጃው ወንድሜ፣ እዚያ አካባቢ የልጅ ልክ የሆነ ያገለገለ የራስ ቁርና ጓንት በስንት እንደሚገኝ ጠይቀው ቢነግሩኝ፣ ከወላጆች ጋር ተነጋግሬ ገንዘቡን አሰባስባለሁ።