«አዋቂ» የሚባለው ማን ነው? ስለ «አውቆ»፣ «ገጠመለት» እና «አወቅሽ አወቅሽ»

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ በየዕለቱ ስለምሰማው አንድ ቃል አስተያየታችሁን እሻለሁ። ለቅሶ ቤት የሟቹ ነገር ሲነሣ «አዋቂ ሰው ነበሩ» ይባላል፤ ይህም የሚባለው ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ቤተ ዘመዱ እንዲሰማ ነው። በዚያው ድንኳን ጥግ ደግሞ ሁለት ሴቶች አንገታቸውን አቀርቅረው ስለ ሦስተኛዋ «አዋቂ ቤት ሄዳ ነበር አሉ» ይባባላሉ፤ ይህ በሹክሹክታ ነው። የመድኃኒት ወረቀት ላይ ደግሞ «ለአዋቂዎች» እና «ለሕፃናት» ተብሎ መጠኑ ለየብቻ ይጻፋል። አንዱ ቃል ለተከበረ ሽማግሌ፣ ለጠንቋይና ዕድሜው ለደረሰ ሰው ሁሉ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ብራና፦
እኅቴ፣ መልሱን ከ«አዋቂ» ይልቅ «አውቆ» ከሚለው ብንጀምር መንገዱ ይቀናናል። አንድ ሰው ከብቱን ለቆ የጎረቤቱን ማሽላ ቢያስበላ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስቀድመው የሚጠይቁት የጉዳቱን መጠን ሳይሆን «አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?» የሚለውን ነው። የተበላው ማሽላ ያው ነው፤ ካሳውና ዕርቁ ግን በዚህች ጥያቄ መልስ ይለያያሉ። ንስሐ የሚገባም ሰው «አውቄ በድፍረት፣ ሳላውቅ በስሕተት» ብሎ ኃጢአቱን ለሁለት ይከፍላል። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ስንልም «አውቆ» ማለት «ሆን ብሎ» ማለት እንጂ «ዕውቀት ኖሮት» ማለት አይደለም። ስለዚህ በአማርኛ ማወቅ ከተጠያቂነት ጋር የተጣበቀ ነገር ነው፤ ልጅ «አዋቂ» ሆነ የሚባለውም ብዙ ስለ ተማረ ሳይሆን ለሚሠራው ሥራ መልስ መስጠት ስለሚገባው ነው። የተከበሩት ሟችም «አዋቂ ሰው ነበሩ» የተባሉት ቃላቸው የሚያዝ፣ የተናገሩት የሚያስጠይቃቸው ሰው ስለ ነበሩ ይመስለኛል።

በቅንፍ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። «ዕውቀት» በዐይኑ ዐ የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የግእዙ ግስ «ዖቀ» ሲሆን፣ ትእዛዙ «ዑቅ» ደግሞ «እወቅ» ማለትም «ተጠንቀቅ» ማለትም ነው። በፊደሉ የምንጨቃጨቅ ሰዎች ይህን ብናስታውስ ጭቅጭቁ ትንሽ ፍሬ ይኖረዋል።

የመንግሥት ሕግ ግን ሽማግሌዎቹን ሙሉ በሙሉ አይከተልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል፤ በቅን ልቡናና በበቂ ምክንያት መብት አለኝ ብሎ ላደረገ ሰው ግን ቅጣት የሚቀልበትን በር ይተውለታል።

ቦርከና፦
ከኮምቦልቻ ነኝ። ጋሽ ብራና ያሉት ሽማግሌውንና ለአቅመ አዳም የደረሰውን ያስረዳል፤ ጠንቋዩን ግን አያስረዳም። እንዲያውም «አዋቂ» ከሚባሉት ሁሉ ፈጽሞ የማይጠየቀው እርሱ ነው። የተናገረው ቢደርስ «አወቀ» ይባላል፤ ባይደርስ «ዶሮዋ ገብስማ መሆን ነበረባት፣ ቀይ አመጣችሁ» ብሎ ጥፋቱን ወደ ባለጉዳዩ ይመልሳል። ታዲያ ሕዝቡ ለምን «አዋቂ» ብሎ ጠራው?

ደግሞም ማወቅን በተጠያቂነት ብቻ መተርጎም ጥያቄውን የሚያጠብብ ይመስለኛል። ፈላስፎች ዕውቀትን ለረጅም ጊዜ ሲተረጉሙት የኖሩት እውነት የሆነ፣ ባለቤቱ የሚያምንበት፣ በቂ ምክንያትም ያለው ነገር ነው በማለት ነበር። አሜሪካዊው ኤድመንድ ጌቲየር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1963 ባወጣው ሦስት ገጽ ብቻ በሆነ ጽሑፍ ሦስቱም ተሟልተው ዕውቀት ላይኖር እንደሚችል አሳየ። ከእርሱ በፊት በርትራንድ ረስል ያነሣው ምሳሌ ይቀልላል፦ አንድ ሰው የቆመ ሰዓት አይቶ «ሦስት ሰዓት ሆኗል» ይላል፤ እንደ አጋጣሚ በዚያች ደቂቃ በእርግጥ ሦስት ሰዓት ነው። የተናገረው እውነት ነው፣ አምኖበታል፣ ሰዓት አይቶ መናገሩም ምክንያት አለው። ሰውዬው ሰዓቱን ዐውቋል?

ብራና፦
ወንድሜ፣ ምሳሌህ የእኅታችንን ጥያቄ የሚፈታ ሆኖ አገኘሁት። የቆመውን ሰዓት ታሪክ ለአንድ አማርኛ ተናጋሪ ብትነግረው «ዐወቀ» አይልህም፤ «ገጠመለት» ይልሃል። «ገጠመለት» ማለት የተናገረውና የሆነው ነገር ተገናኙ፣ ያገናኛቸው ግን የሰውዬው ብልሃት አይደለም ማለት ነው። ግሱ እንዴት እንደ ተዋቀረ ልብ በል፤ የገጠመው ነገሩ ነው፣ ሰውዬው «ለት» በምትለው የቃል ቅጥያ ተጠግቶ የሚቀመጥ ተጠቃሚ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጠንቋዩ እንመለስ። ከቤቱ የወጣችው ባለጉዳይ «ዐወቀልኝ» ትላለች፤ የማያምነው ጎረቤቷ ስለዚያው ስለ አንዱ ነገር «ገጠመለት» ይላል። ሁለቱ የሚከራከሩት ነገሩ መድረሱንና አለመድረሱን አይደለም፤ በዚያ ይስማማሉ። ክርክራቸው ጠንቋዩ ወደ ነገሩ የደረሰበት መንገድ አለ ወይስ የለም በሚለው ነው። ስለዚህ ቃሉ ለጠንቋዩ የተሰጠው በሚያምኑት ሰዎች አፍ ነው፤ የማያምነው ሰው «አዋቂ» ቢል እንኳ «አዋቂ ነኝ ባይ» ማለቱ ነው።

የሹክሹክታው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ፍርሃት ነው። አገራችን ሌላው የማይችለውን የሚችል ሰው ስታገኝ አክብራም ፈርታም ኖራለች። «ጠቢብ» የነበረው ቃል ላልቶ «ጠይብ» ሲሆን የብረት ቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ መሰደቢያ ሆነ፤ ቡዳ ናቸው ተብለውም ተገለሉ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ሲከለክሉ፣ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ደግሞ ጠንቋይ ማለት እንዲቀር አዝዘዋል። ፊደል መቁጠር ለጥንቆላ ያስጠረጥር ከነበረ፣ «አዋቂ» ወደ ጠንቋይነት መንሸራተቱ አያስገርምም። ይህ የቋንቋው ጥበብ ሳይሆን ነውሩ ነው ባይ ነኝ።

ሎህ፦
ጋሽ ብራና፣ አንድ መለያ ልጨምር፤ እኔ ወሎ ውስጥ ከደረሳነት፣ ማለትም ከእስልምና ትምህርት ተማሪነት የወጣሁ ነኝ። ሸኹ ፈትዋ፣ ማለትም የሃይማኖት ብያኔ፣ ሲሰጡ ኪታቡን ገልጠው፣ የቀደሙትን ሊቃውንት አስተያየት ዘርዝረው፣ የራሳቸውንም አክለው ሲያበቁ «ወላሁ አዕለም» ብለው ይዘጉታል፤ አላህ የበለጠ ያውቃል ማለት ነው። ይህን የሚሉት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ካወሩ በኋላ ነው የሚሉት። የሰው ዕውቀት እዚህ ላይ ያበቃል ብለው ወሰኑን ማመልከታቸው ነው። በጠንቋይ ቤት ይህ ቃል ለማሳበቢያ ካልሆነ በቀር አይሰማም። ሁለቱን «አዋቂዎች» መለየት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ምልክት ይህ ይመስለኛል፦ «አላውቅም» ሲል ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?

ብራና፦
ይህን እቀበላለሁ፤ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በሰፈራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚለው «አላህ ያውቃል»፣ «እግዜር ያውቃል» ሁልጊዜ ትሕትና አይደለም። ስለ ዝናብ የተጠየቀ ገበሬ «እሱ ያውቃል» ሲል ወሰኑን መናገሩ ነው። የተበደለች ሴት በደለኛዋን እያየች «እግዜር ያውቃል» ስትል ግን ምስክር መጥራቷ፣ ይባስ ሲልም መርገሟ ነው። ገንዘብ አልወሰድኩም የሚል ሰው «አላህ ያውቃል» ሲል ደግሞ መማሉ ነው። ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ነው ተናጋሪው ራሱ የማያውቀው፤ በሁለቱ እርሱም ዐውቆ ሌላው እንዲያምነው ይፈልጋል። ለዚህ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን ዐይን ማየት ግድ ነው።

«ምን ዐውቄ» የሚለውም ብዙ ጊዜ አለማወቅ ሳይሆን ምስክርነትን መሸሽ ነው። «ጠፋኝ» ግን የዋህ ቃል ነው፤ ያውቀው የነበረ ነገር ከእጁ እንደ ወጣ ይናገራል።

የጦሳ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ከዚሁ ሳልወጣ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚለውን አስረዱኝ። ሲመሰገን ልኩን ለሚዘነጋ ሰው እንደሚነገር ዐውቃለሁ፤ መጽሐፍ ማጠብ የተመረጠው ግን ለምንድን ነው?

ብራና፦
መጽሐፉ የብራና ስለሆነ ነው። የብራና ቀለም በዋናነት ከጥላሸት የሚዘጋጅ በመሆኑ ውኃ ሲያገኘው ይለቃል። ሐይቅ እስጢፋኖስን በመሳሰሉ ገዳማት አንድን መጽሐፍ ለመጻፍ ቆዳው ተዘጋጅቶ፣ ተፍቆ፣ ተሰምሮ፣ ወራት ይፈጅ ነበር፤ ገዳሙ ራሱ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ነው። ሴትዮዋ የባልትናዋ ምስጋና አሳስቷት፣ የቆሸሸ መስሏት ንጹሕ ልታደርገው ፈለገች። ምሳሌው በሴት መነገሩ ግን የዘመኑ አስተሳሰብ ነው፤ ማንበብ እንዳትማር ከተደረገች በኋላ ባለማወቋ መሳቅ ፍትሕ የለበትም።

ሎህ፦
በቁርኣን ቤት ግን ማጠብ የተገላቢጦሽ ነው። ልጁ በእንጨቱ ሎህ ላይ የተጻፈለትን ክፍል በቃሉ እስኪይዝ አይታጠብም፤ ሸኹ አስደምጠው ሲያበቁ ያጥበውና አዲሱ ይጻፍለታል። እዚያ የታጠበ ሎህ የማወቅ ማስረጃ ነው። የሴትዮዋ ጥፋት እንግዲህ ማጠቧ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለውን አስቀድማ አለመያዟ ነው ማለት እንችላለን።

ብራና፦
በዚህ አንከራከርም። አንድ ጥያቄ ግን ለሌሎቻችሁ ትቻለሁ፦ «አወቅሽ» ሁለት ጊዜ የተደገመው ለምጣኔ ብቻ ነው ወይስ ምስጋናው ከልክ ማለፉን ለማሳየት? ከሐይቅም ሆነ ከወረኢሉ በኩል ያላችሁ፣ በአንድ «አወቅሽ» ብቻ ሲነገር ሰምታችሁ ከሆነ እዚሁ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።