ዝሆኑ ይቀነስ ወይስ ይተው?

አስተባባሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ከደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1994 ፓርኩ ከ14 ሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል ወይም ወደ ሌላ ቦታ አስወጥቷል፤ ምክንያቱ ዛፉን ጨረሱት የሚል ነበር። ከዚያ ቆመ። አሁን ዝሆኑ ከ20 ሺህ በልጧል፣ ትልልቆቹ የማሩላ ዛፎችም እየወደቁ ነው። ግድያው ይመለስ? ስድብ አይፈቀድም።

ሳሚ፦ ይመለስ። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን 150 ኪሎ ገደማ ይበላል፣ አበላሉም እንደ ፍየል አይደለም፤ ጥርሱን ግንዱ ላይ ሰክቶ ልጡን ይገሽልጠዋል፣ ዙሪያውን ከተላጠ ደግሞ ዛፉ ቆሞ ይሞታል። ሲያሰኘው በግንባሩ ገፍቶ ይጥልና ሁለት ጭብጥ ቅጠል ቀምሶ ይሄዳል። ጥንብ አንሣው የት ጎጆ ይሥራ?

ሜሪ፦ ሳሚዬ ቀስ በል። ፓርኩ ራሱ እኮ ነው ጉድጓድ ቆፍሮ በየቦታው ውሃ ያቀረበለት። ድሮ በበጋ ዝሆኑ ወንዝ ዳር ይከማቻል፣ ራቅ ያለው ዛፍ ያርፋል። ውሃው ሁሉም ጋ ሲሆን ዛፉ ማረፊያ አጣ። በኋላ ብዙውን ጉድጓድ የዘጉት ለዚህ ነው። ደግሞ የማሩላ ችግኝ የሚቀረጥፈው ሚዳቋ መሰሉ ኢምፓላ ነው፣ የተረፈውን እሳት ይበላዋል። ዝሆን ብቻውን ለምን ይሙት?

ጋሽ ታዬ፦ ልጆች፣ እኔ ቦትስዋና ልውሰዳችሁ። ቾቤ ወንዝ ዳር ዝሆን ጨረሰው ተብሎ የሚለቀስለት ደን አለ። መቼ በቀለ? ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ዝሆኑን የጥርስ ነጋዴ፣ ኢምፓላውን የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ፈጅቶት ችግኝ የሚነካ በጠፋበት ሰሞን ነው። ያ በሽታ እኮ የክፉ ቀኑ ነው! በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬያችንን ፈጀ፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ዘለቀ። ስለዚህ ትክክለኛው የትኛው ነው፣ ደኑ ወይስ ከደኑ በፊት የነበረው?

ሳሚ፦ ጋሼ ታሪኩ ግሩም ነው። ግን ዛፉ ላይ የምትኖረው ወፍ "መቼ በቀልክ?" ብላ አትጠይቅም።

የሐረር ልጅ፦ እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ከተቋቋመ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው። ዝሆኑ ጥቂት ነው፣ ዛፉን የሚጨርሰው ከሰልና እርሻ ነው። አንዴ ከአጎቴ ጋር ስንሄድ የደረቀ ፋንድያ በእንጨት ፈረካከስኩት። የቁልቋል ፍሬ ሞልቶታል! ቁልቋሉ ራሱ ከአሜሪካ የመጣ መጤ ነው፣ የእኛው ዝሆን በሆዱ ተሸክሞ ይዘራዋል። እና ዝሆን አጥፊ ነው ወይስ ገበሬ? እኔ አልገባኝም።

ሳሚ፦ ባቢሌን ተወው፣ እዚያ ማንም ዝሆን ይቀነስ አላለም። ክሩገር ምን ይደረግ ነው የምለው።

ሜሪ፦ ግንዱን በሽቦ መረብ መጠቅለል። ቅርንጫፉ ላይ ቀፎ መስቀልም ተሞክሯል፣ ዝሆን ንብ ይፈራል።

ሳሚ፦ ሃሃ፣ ስንት ሺህ ዛፍ ልትጠቀልዪ ነው?

ሜሪ፦ ጥንብ አንሣህ ያለበትን ብቻ።